ፍሬን የሌላቸው ሰዎች

እናኑ ሰውን በመልኩ ሳይሆን በስብራቱ የምታስታውስበት ዘመን ነበር። በፈረንጆቹ ከ2002 እስከ 2006 ባሉት በጋዎች፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የምትገኘው በስደት ከምትኖርበት አገር ከቱክዊላ ከተማ መጋዘኖች ወደ ደቡብ ሃያ ደቂቃ ነድታ በምትደርስበት የሞተር ሳይክል መወዳደሪያ ሜዳ ነበር። ነጭ ድንኳን ውስጥ ሁለት ታጣፊ አልጋና አንድ ሳጥን ፋሻ ይዛ፣ የሚወድቅ ሰው ትጠብቃለች። የሚወድቅ ጠፍቶ አያውቅም።

ሜዳው የራሱ የእንግሊዝኛ ስም ነበረው። ሀበሻው ግን “አቧራው” ነበር የሚለው። “ቅዳሜ አቧራው ጋ ነኝ” ካለች የሚያውቃት ሁሉ ይገባዋል። እዚያ የሚካሄደው ስፒድዌይ የሚባለው ውድድር ነው፤ አራት ጋላቢ፣ አራት ዙር፣ የእንቁላል ቅርጽ ባለው የአፈር መም ላይ። ሞተሮቹ ማርሻቸው አንድ ብቻ ነው፤ ፍሬን የሚባል ነገር ጭራሽ የላቸውም። ጋላቢው የሚታጠፈው ሁልጊዜ ወደ ግራ ነው፤ ግራ እግሩ ላይ ያጠለቀውን የብረት ጫማ መሬት ለመሬት እየጎተተ፣ የኋላ ጎማውን እያንሸራተተ። ፍሬን በሌለው ነገር ላይ አራት ሰው ባንድ ጊዜ አንድ ኩርባ ውስጥ ሲገባ፣ አንዱ ለሌላው ካልለቀቀ ምን እንደሚከተል ለመገመት ነርስ መሆን አያስፈልግም።

ከሁሉ በላይ አፍንጫዋ ላይ የቀረው ሽታው ነው። ሞተሮቹን የሚያለሰልሳቸው የጉሎ ዘይት ነበር፤ እናቶቻችን ፀጉራቸውን የሚቀቡት ያው የጉሎ ዘይት። ዘይቱ ሲቃጠል ጣፈጥ የሚል፣ እንደ ተቃጠለ ስኳር ያለ ጠረን ያወጣል። ማታ ቤቷ ገብታ ነጠላዋን ስታወልቅ እንኳ ያ ሽታ ከጥለቱ ውስጥ ይወጣ ነበር።

በ2014 ኦገስት ወር፣ ሾርላይን ከተማ ከሚገኘው ቤቷ በረንዳ ላይ ቲማቲሟን ውሃ ስታጠጣ ስልኳ ጮኸ። ጸጋ ነበረች። ጸጋ የፓስተር ልጅ ናት፤ በሃያ ዓመቷ ከአባቷ ተደብቃ አቧራው ላይ መጋለብ የጀመረች፣ ዛሬ የሁለት ልጆች እናት የሆነች።

“እናንዬ፣ ሰማሽ? አቧራው ተሸጠ።”

“ማን ገዛው?”

“መጋዘን ሊሠሩበት ነው። ሶ፣ የሌበር ደይ በዓል ካለፈ በኋላ ባለው ቅዳሜ ሁላችንም ለመጨረሻ ጊዜ እንገናኛለን። ውድድር የለም፤ ተበልቶ፣ ተጠጥቶ፣ ይወራል። አንቺ ደግሞ ንግግር ታደርጊያለሽ።”

“እኔ? ስለ ምን?”

“ስለ ጨካኞቹ ነዋ! ስለነዚያ ቢሞቱ መንገድ ስለማይለቁት። ሌላው ሰው ያያቸው ከአጥር ውጭ ሆኖ ነው። አጥንታቸውን የምታውቂው አንቺ ነሽ።”

እናኑ ስምንት ዓመት ሙሉ ያንን ሜዳ ረግጣ አታውቅም። በዚያ በኩል የሚያልፈውን ሀይዌይ እንኳ ትሸሸው ነበር። “ኦኬ፣ እመጣለሁ” የሚለው ቃል ግን ከአፏ አመለጠ።

የዚያን ቀን እራት ላይ ለባሏ ለአሰፋ ነገረችው። አሰፋ ከሜዳው የሸሸችበትን ምክንያት የነገረችው ብቸኛ ሰው ነው። ጉርሻውን አስቀመጠና፣ “ሂጂ። የሚነገረውን ተናገሪ፤ የማይነገረውን ተዪው” አላት።

የሚነገረውስ ብዙ ነበር። ጥርሰ ወላቃው በያጅ ነበር፤ ሁለተኛው ዙር ላይ ተጋጭቶ የአንገቱ ሥር አጥንት ሲሰበር የተሰማውን ድምፅ ድንኳኑ ድረስ ሰምተነዋል የሚሉ አሉ። የቀሩትን ሁለት ዙሮች እንደዚያው ጨርሶ፣ ሁለተኛ ወጥቶ፣ በእግሩ ወደ እሷ መጣና ቀበቶውን ፈትቶ ሰጣት። “በዚህ እሰሪልኝ፤ ገና አንድ ውድድር ይቀረኛል” አላት። ጸጋ ራሷ ነበረች፤ ቅዳሜ ሁለት የእግር ጣቶቿ ተሰብረው፣ አባቷ እንዳያውቅ እሑድ ጧት መዘምራን መሐል ሁለት ሰዓት ቆማ የዘመረች። “ሃሌ ሉያ ስል የወጣው ድምፅ ግማሹ የጣቴ ነበር” ትል ነበር እየሳቀች።

ሉቃስ ነበር። ሉቃስ የባላርድ ሰፈር ዓሣ አጥማጅ ነው፤ አያቶቹ ከኖርዌይ የመጡ፣ በብርዱ ወራት አላስካ ባሕር ላይ ክራብ የሚባለውን ሸርጣን ሲያጠምድ ከርሞ በጋውን አቧራው ላይ የሚያሳልፍ ግዙፍ ሰው። ሲስቅ ድንኳኑ ይንቀጠቀጣል። በውጭ በኩል ሊያልፈው የሞከረን ሰው ከአጥሩ ጋር አፋቅሮት ነው የሚመለሰው።

ከእነዚህ ሁሉ ራስ ላይ ደግሞ ኃይለ መስቀል ነበር።

ኃይለ መስቀል አዲስ አበባ፣ ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ሞተር ሳይክል ሲጠግን ያደገ ሰው ነው። ቱክዊላ የከባድ መኪና ጋራዥ ውስጥ ይሠራ ነበር። አቧራው የመጣው ለጥገና ነው፤ አንድ ቀን አንድ ጋላቢ ቀረና “እኔ ልግባ” አለ። አርባ ዓመት ሞልቶት ነበር። ሰው ሳቀ። ከዚያ ቀን በኋላ የሳቀበት የለም። ቀጭን፣ አጭር፣ ዝምተኛ ነው። ረቡዕና ዓርብ ይጾማል። መነሻው ላይ ሲቆም ያማትባል፣ መነጽሩን ያወርዳል፤ ከዚያ በኋላ የሚያስቆመው ፈጣሪ ብቻ ነው። የሚወደው የውስጡን መስመር፣ ለሣሩ ቅርብ የሆነውን አጭሩን መንገድ ነበር። ማንም ይምጣ ማን እዚያ መስመር ላይ ከገባ አይለቅም። “ትንሽ ቦታ ብትሰጠው ምን ነበረበት?” ሲሉት፣ መልሱ ሁልጊዜ አንድ ነው። “መስመሩ የእኔ ነበር።”

እሱና ሉቃስ አራት በጋ ሙሉ ተፋጠዋል። ሰላምታ አይለዋወጡም። ግን አንድ ቀን እናኑ በዓይኗ ያየችው ነገር አለ። ሊወዳደሩ አምስት ደቂቃ ሲቀራቸው ኃይለ መስቀል መፍቻውን ይዞ ወደ ሉቃስ ሞተር ሄደ፤ ተንበረከከና ሰንሰለቱን አጠበቀለት። ሉቃስ አፉን ከፍቶ ቀረ። ኃይለ መስቀል በተሰባበረ እንግሊዝኛው፣ “ላልቶ ነበር። የምትሸነፈው በእኔ እንጂ በሰንሰለት አይደለም” ብሎት ተመለሰ።

የማይነገረው ደግሞ ይሄ ነው።

የ2006 ሴፕቴምበር የመጨረሻው ቅዳሜ፣ የዓመቱ ፍጻሜ ነበር። ኃይለ መስቀል ከፍጻሜው በፊት በነበረው ማጣሪያ ብቻውን ወደቀ። ተነስቶ፣ ሞተሩን ገፍቶ፣ ወደ ድንኳኑ መጣ። የወደቀ ሰው በነርስ ሳይታይና ወረቀት ሳይፈረምለት ተመልሶ አይገባም፤ ሕጉ ነው። እናኑ በመጀመሪያ እርዳታ ሰጪነት ቆይታ የነርስነት ፈቃዷን ያገኘችው በዚያው ዓመት ነበር። ቀን አረጋውያን ቤት ስትሠራ፣ ማታ ስትማር ስድስት ዓመት ፈጅቶባታል። ጓንቱን አውልቃለት ቀኝ እጁን ያዘች። ከአውራ ጣቱ ሥር ያለችውን ጎድጓዳ ቦታ በጣቷ ጫን አለች። ኃይለ መስቀል አልጮኸም፤ በጥርሱ መሐል አየር ሳበ ብቻ።

“ጋሽ ኃይሌ፣ ይሄ ተሰብሯል። መግባት አይችሉም።”

“አልተሰበረም።”

“እኔ ነኝ ወይስ እርስዎ ነዎት ነርሱ?”

“ነርሷ አንቺ ነሽ። የምጋልበው ግን እኔ ነኝ።” ዝቅ ብሎ ዓይን ዓይኗን አያት። “እናኑ፣ አርባ አራት ዓመቴ ነው። ከዚህ ሰውዬ ጋር ሁለት ሁለት ጊዜ ተሸናንፈናል። የሚመጣው ዓመትም እጋልባለሁ ብለሽ ታስቢያለሽ? ፈርሚልኝ።”

ፈረመች። ለምን እንደፈረመች ስምንት ዓመት ራሷን ጠይቃለች። አዘነችለት፤ እውነት ነው። አከበረችው፤ እሱም እውነት ነው። ግን ከዚያ ሥር ሌላ ነበር። ያንን ውድድር እሷም ማየት ፈልጋ ነበር።

ሦስተኛው ዙር፣ ሁለተኛው ኩርባ። ኃይለ መስቀል በውስጥ፣ ሉቃስ በውጭ፣ ትከሻ ለትከሻ። ስፒድዌይ ላይ ሞተሩን የሚያዞረው መሪው ብቻ አይደለም፤ በቀኝ እጅ የሚጠመዘዘው ጋዝም ነው። ጋዙን በልክ ካልያዙት የኋላ ጎማው መሬቱን ይነክስና ሞተሩ ቀጥ ብሎ ይፈናጠራል። እናኑ ከድንኳኑ አፍ ላይ ቆማ የኃይለ መስቀልን ቀኝ እጅ ብቻ ነበር የምታየው። እጁ ጋዙን ሊመልስ ሲታገል አየች። አልታዘዘውም። ሞተሩ ተፈናጠረ፤ ሉቃስን ከጎኑ መታው፤ ሁለቱም አጥሩን ገጩ። ከእንጨቱ ሥር የወጣው አቧራ ሁለቱንም ሸፈናቸው።

ኃይለ መስቀል ተነሣ። ሉቃስ አልተነሣም። ዳሌውና ጭኑ ተሰብሮ ነበር።

አምቡላንሱ ሉቃስን ጭኖ ሲወጣ ተመልካቹ ኃይለ መስቀልን ይሰድበው ጀመር፤ የሶዳ ጣሳ የወረወረበትም ነበር። የውድድሩ ዳኛ መጣና ጠየቀው። “ሆን ብለህ ነው ያደረግኸው?” ኃይለ መስቀል ቀኝ እጁን ጃኬቱ ኪስ ውስጥ ከትቶ ነበር። እናኑን አያት። ከዚያ ወደ ዳኛው ዞሮ፣ “መስመሩ የእኔ ነበር” አለ። ሌላ አልጨመረም። እዚያው ዕድሜ ልኩን ታገደ።

ሊሄድ ሲል አጠገቧ ቆም አለ። በአማርኛ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ “ወረቀቱን እርሺው። ልጅ አለሽ። ሆን ብዬ ነው ያደረግኩት፤ ለሚጠይቅሽ ሁሉ እንደዚያ በዪ” አላት። ሐኪም ቤት አልሄደም። ቢሄድ የተሰበረበት ቀን ይመዘገባል፤ ቀኑ ከተመዘገበ ማን ነው እንዲገባ የፈረመው መባሉ አይቀርም። ከዚያ ወዲህ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ ሁለት ሦስት ጊዜ አይታዋለች። ሁልጊዜ ሰላም የሚላት በግራ እጁ ነበር።

ቅዳሜው ደረሰ። እናኑ መኪናዋን ፓርክ አድርጋ ስትወርድ መጀመሪያ የፈለገችው ሽታውን ነበር፤ አጣችው። ሣር መሙን ወርሶታል። ሰማንያ የሚሆን ሰው ተሰብስቧል፤ ያረጁ፣ የወፈሩ፣ የሚያነክሱ፣ ልጅ ያዘሉ። በያጁ ሙሉ ጥርስ አስተክሎ መጥቷል፤ ራሱን ሳያስተዋውቅ ቢስቅ ኖሮ አታውቀውም ነበር። ከፊት ወንበር ላይ፣ ምርኩዙን ጉልበቶቹ መሐል አድርጎ፣ ሉቃስ ተቀምጧል። ወደ ባሕር መውጣት ከተወ ስምንት ዓመቱ ነው፤ ጀልባ የሚጠግኑ ሰዎች ጋ ይሠራል።

ጸጋ ማይክሮፎኑን ሰጠቻት። ስለ በያጁ አወራች፤ ሰው ሳቀ። ስለ ጸጋ ጣቶች አወራች፤ ጸጋ እግሯን አንስታ አሳየች። ስለ ሉቃስ አወራች፤ ተጨበጨበ። ከዚያ፣ “ከሁሉም የማይበገረው ግን ኃይለ መስቀል ነበር” አለች።

ከኋላ አንድ ሰው፣ “አረመኔ ነበር!” ብሎ ጮኸ።

ሉቃስ ምርኩዙን ተደግፎ ተነሣ። “ተዉ!” አለ በዚያ ድንኳን በሚያንቀጠቅጠው ድምፁ። “ልክ ናት። አዎ፣ ሆን ብሎ ነው አጥር ላይ የለጠፈኝ። የዓመቱ ፍጻሜ ነበር፣ ቦታ አልነበረም፣ እኔም አልለቀቅኩም። በእሱ ቦታ ብሆን አደርገው ነበር። እንደዚያ ያለ ሰው ዳግም አላየሁም፤ ከነጭካኔው አከብረዋለሁ።”

ጭብጨባው ደመቀ። እናኑ ማይክሮፎኑን ለጸጋ መለሰችና ወረደች። የአሰፋ ምክር ትዝ ብሏታል። ግን ሰው ሁሉ የሚያጨበጭብለት ነገር እሷ ስምንት ዓመት የተሸሸገችበት ውሸት መሆኑን እያወቀች መቀመጥ አልቻለችም።

ሰው ወደ ምግቡ ሲሄድ ሉቃስን አጥሩ ጋ አገኘችው። በመዳፉ እንጨቱን ይዳስስ ነበር።

“ሉቃስ፣ ሆን ብሎ አይደለም” አለችው። ከዚያ ሁሉንም ነገረችው፤ ማጣሪያውን፣ ጎድጓዳዋን ቦታ፣ ወረቀቱን፣ ጋዙን ሊመልስ የታገለውን እጅ። ምንም አላስቀረችም።

ሉቃስ ፊቱ ቀላ። ይጮህብኛል ብላ ጠበቀች። ድምፁ ግን እንዲያውም አነሰ።

“ይሄን ምርኩዝ ያየ ሁሉ ምን ሆነህ ነው ሲለኝ የምመልስለትን ታውቂያለሽ? ‘ከጨካኞች ሁሉ የጨከነ ሰው፣ እኔን የሚያሸንፍበት ሌላ መንገድ ስላጣ ከአጥር ጋር አጣበቀኝ’ እላለሁ። ባሕሩን ሳጣ ይሄ ቀርቶልኝ ነበር። አሁን አንቺ መጥተሽ፣ እጁ አልታዘዝ ስላለው ነው ትይኛለሽ።”

“ይቅር በለኝ። ጥፋቱ የእኔ ነው።”

“እንዲገባ መፍቀድ አልነበረብሽም።”

“አልነበረብኝም።”

ሉቃስ ጀርባውን ለአጥሩ ሰጠ። ልጆች መሙ ላይ እየተሯሯጡ ወደ ግራ ይታጠፉ ነበር።

“እጁንስ ታከመው?” አለ በመጨረሻ።

“አልታከመም። ቢታከም ስሜ ይነሣ ነበር።”

“ስለዚህ ያን ሁሉ ስድብ የተሸከመው ለአንቺ ብሎ ነው? እጁንም ለአንቺ ብሎ ተወው?”

“አዎ።”

ሉቃስ ምርኩዙን መሬት ላይ ሁለቴ መታ አደረገ። “የት ነው የሚኖረው?”

ማውንት ቤከር በሚባለው ሰፈር፣ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ ባለ አፓርታማ ነበር የሚኖረው። ሁለቱ እዚያ ሲደርሱ ፀሐይ ገና አልዘቀዘቀችም። ኃይለ መስቀል ግቢው ውስጥ ጉቶ ላይ ተቀምጦ የጎረቤቱን የሣር ማጨጃ ሞተር ፈታትቶታል። ፀጉሩ ነጥቷል። መፍቻውን የሚያዞረው በግራ እጁ ነው።

“ጋሽ ኃይሌ፣ እንዴት ዋሉ?”

“እግዚአብሔር ይመስገን፣ እናኑ። ምነው በሰላም—” ከኋላዋ የሚያነክሰውን ሰው አየ። ቀስ ብሎ ተነሣ። እጁን በጨርቅ መጥረግ ጀመረ፤ ከጸዳ በኋላም መጥረጉን አላቆመም።

ሉቃስ ሰላም አላለውም። ድሮም አይባባሉም። “እጅህ ተሰብሮ ነው የጋለብከው?” አለው።

ኃይለ መስቀል የተመለከተው ሉቃስን ሳይሆን እናኑን ነበር። “ማን አለ?”

“እሷ።”

“ተሳስታለች። እጄ ደህና ነበር። መስመሩ የእኔ ነበር።”

“እንግዲያውስ ጨብጠኝ” አለና ሉቃስ ቀኝ እጁን ዘረጋ።

ኃይለ መስቀል ግራውን አቀረበ።

“በቀኝህ።”

ኃይለ መስቀል ቀኝ እጁን ዘረጋ። አንጓው ጠሞ፣ ከአውራ ጣቱ ሥር አብጦ፣ ጣቶቹ ግማሽ ድረስ ብቻ ነበር የሚታጠፉት። ሉቃስ ያዘውና ጨመቀው። የኃይለ መስቀል ግንባር ላቡን አወጣ። ከንፈሩ ነጣ። ዓይኑን ግን ከሉቃስ ዓይን አልነቀለም።

“አየህ?” አለ ትንፋሹ እየተቆራረጠ። “ደህና እጅ ነው።”

ሉቃስ ለቀቀው። መጀመሪያ ትከሻው ተንቀጠቀጠ፤ እናኑ የሚያለቅስ መሰላት። ሳቅ ነበር። ምርኩዙን ጥሎ፣ የሣር ማጨጃው ላይ በእጁ ተደግፎ፣ እንባው እስኪፈስ ሳቀ። “ይሄ ሰይጣን! ዛሬም አይለቅም! ስምንት ዓመት ሆኖት፣ ሜዳው ተሽጦ፣ ዛሬም አይለቅም!”

ኃይለ መስቀል ምርኩዙን አንስቶ ሰጠው። ከዚያ ቤት ገብቶ ሁለት ወንበር ይዞ ወጣ።

ከሁለት ሰዓት በላይ ተቀመጡ። ሉቃስ፣ ሦስተኛው ዙር ላይ በግማሽ ጎማ ቀድሜህ ነበር አለ። ኃይለ መስቀል፣ ሩብ እንኳ አይሞላም አለ። መሬት ላይ በብሎን መሙን እየሳሉ ተከራከሩ። በያጁን አነሱ። ጸጋን አነሱ። ኩርባ ሲገባ ዓይኑን ይጨፍን የነበረውን አንድ ልጅ አነሱና ሁለቱም ባንድ ጊዜ ራሳቸውን ነቀነቁ። እናኑ ሁለቱ ሰዎች እርስ በርስ ይህን ያህል ቃል ሲለዋወጡ ስታይ ይህ የመጀመሪያዋ ነበር።

ሉቃስ ፊቱን ሊታጠብ ሲገባ፣ ኃይለ መስቀል ወደ አማርኛ ተመለሰ። “ምን ነካሽ? ዝም በዪ አላልኩሽም?”

“ደከመኝ፣ ጋሽ ኃይሌ።”

“እኔ እንደሆን አልደከመኝም።”

“አውቃለሁ። እርስዎ አይደክምዎትም። እኔ ግን በእርስዎ በተሰበረ እጅ ተሸፍኜ መኖር ደከመኝ።”

ኃይለ መስቀል ብሎኑን ከመሬት አንስቶ አቧራውን በአውራ ጣቱ ጠረገው።

ሰኞ ጧት እናኑ ለነርሶች ፈቃድ ለሚሰጠው ቦርድ ስለዚያ ፊርማዋ ደብዳቤ ጻፈች። አሰፋ ከትከሻዋ በላይ ሆኖ አነበበውና፣ ፖስታው ላይ ቴምብሩን ለጠፈ። አራት ወር ጠበቀች። በየቀኑ የፖስታ ሳጥኑን ትከፍት ነበር። መልሱ ጃኑዋሪ ላይ መጣ፤ ፈቃዷ አልተነሣም፤ መዝገቧ ላይ ተግሣጽ ተጻፈ፣ ተጨማሪ ሥልጠናም ታዘዘባት። ደብዳቤውን ይዛ ኩሽና ወንበር ላይ ስትቀመጥ ልጇ ልዕልት ከላይ ወረደች። “ማም፣ አር ዩ ኦኬ?” አለቻት። “አዎ የኔ ልጅ፣ ተቀጣሁ” ብላ ሳቀች። ልዕልት ግራ ገብቷት አቀፈቻት።

ጸጋ ደግሞ እውነቱን ከእናኑ ሰምታ ያረጁትን ዳኞች አንድ በአንድ ኮል አድርጋ የኃይለ መስቀልን እገዳ አስነሣች። ወረቀቱ ሲደርሰው ዶዘሮቹ አጥሩን ነቅለው ጨርሰዋል። አንብቦ አጠፈውና፣ “ሜዳው ከፈረሰ በኋላ” አለ። ግን አልጣለውም፤ መጽሐፈ ጸሎቱ ውስጥ አስገባው።

እጁን ለማሳየት እሺ ያሰኘው ሉቃስ ነው። “ፈርተህ ነው” አለው፤ አበቃ። በ2015 ማርች እናኑ ሁለቱንም ይዛ ወደ እጅ ሐኪም ሄደች። ሉቃስ ምን ሊሠራ እንደመጣ ሲጠየቅ፣ “ሲያለቅስ ለማየት” አለ። ሐኪሟ ወጣት ሴት ናት። የራጁን ፎቶ መብራት ላይ ሰቅላ ረጅም ጊዜ ተመለከተችው። አጥንቱ ለሁለት ተከፍሎ ሳይገጥም እንደቀረ አሳየቻቸው፤ ሙሉ በሙሉ ባይመለስም በቀዶ ሕክምና ሕመሙን ማስታገስ እንደሚቻል ነገረቻቸው።

“ከተሰበረ ምን ያህል ጊዜ ሆነው?” ብላ ጠየቀች።

እናኑ አፏን ልትከፍት ነበር። ሉቃስ ክንዷን ነካ አደረጋት።

ኃይለ መስቀል ግድግዳው ላይ የበራውን የራሱን አጥንት አየ።

“ስምንት ዓመት ከስድስት ወር” አለ። “ቅዳሜ ቀን ነበር። ከፍጻሜው በፊት።”

ሐኪሟ ጻፈችው። ሉቃስ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። የቀዶ ሕክምናው ቀን ለኤፕሪል ተቆረጠ፤ ሦስቱም ሊፍቱን ትተው፣ በሉቃስ እርምጃ ልክ፣ ደረጃውን ቀስ ብለው ወረዱ።